የሰው ደም ወሬ ሲሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ልጆች፣ እዚህ ዑረይጃም ሆነ በሌላው የሪያድ ሰፈር፣ በማዳም ቤትም ሆነ በኪራይ ቤት ያላችሁ፣ 

ሰሞኑን ከእኅቶች ተደጋግሞ የመጣልኝ ጥያቄ አለ። አንዷ በጽሑፍ፣ ሌላዋ በድምፅ ልካዋለች፤ አነጋገሩ ይለያይ እንጂ አሳቡ አንድ ነው። «አባ፣ ልብስ ስተኩስ፣ ዕቃ ሳጥብ በጆሮዬ የግድያ ታሪክ እሰማለሁ። ዘፈን አይደለም፣ የጎረቤት ሐሜትም አይደለም፣ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ከመካከላቸው አንዷ ግን እንዲህ ብላ ጨመረች፤ «ስሰማው ደስ ይለኛል አባ። የሚያስፈራኝ ደስ ማለቱ ነው።» ይህች እኅት ከሁላችንም ቀድማ ወደ ነገሩ ሥር ደርሳለች።

«ተዪው» ብዬ በአንድ ቃል መመለስ እችል ነበር። ትተዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ትመለስበታለች። በቅኔ ቤት የኔታ ተማሪ ሲጠይቃቸው መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄውን ራሱን ያስፈቱት ነበር። እኛም እንደዚያው ብናደርግ ይሻላል። ደስታው ከወዴት መጣ?

መጀመሪያ ልብ በሉ፤ የምንሰማው የማንኛውንም ሰው ሞት አይደለም። በአገራችን ገጠር በእርሻ ድንበር፣ በደም መመላለስ ስንት ጎልማሳ አልቋል፤ ያንን በሙዚቃ አጅቦ በክፍል በክፍል የሚተርክልን የለም። በልጅነታችን «ፖሊስና እርምጃው» የሚባል ጋዜጣ እናውቃለን፤ የድሀውንም የሌባውንም ወንጀል ይጽፍ ነበር፤ አጻጻፉ እንደ መዝገብ ደረቅ ስለነበር ግን ደስ ብሎት የሚያነበው አልነበረም። ዛሬ በስልካችን የሚገባው ሌላ ነው። የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት፣ የተቆለፈ ካዝና፣ ቆንጆ ሚስት፣ ውርስ፣ ከዚያ ደም። ሟቹ ባለጸጋ ካልሆነ ተራኪውም አይደክምበትም፣ አድማጩም አይመጣለትም።

አንዱን ልንገራችሁ። ሰምታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 የአገራችን ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ፣ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት መኖሪያ ካለበት በማይርቅ ሰፈር፣ ሳቮፖሎስ የሚባል ባለጸጋ ከሚስቱና ከ10 ዓመት ልጁ ጋር በገዛ ቤቱ ታግቶ አደረ። ገዳዩ 40,000 ዶላር አስመጥቶ ከተቀበለ በኋላ ገደላቸው፣ ቤቱንም በእሳት ለቀቀው። የኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ፤ የቀብር ጸሎታቸውም በዚያው ከተማ በሚገኘው በቅድስት ሶፍያ የግሪክ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ተደርጓል። ገዳዩ የተለየው በእገታው ሰዓት ወደ ቤቱ ከመጣ ፒዛ የተረፈ ቁራሽ ላይ በተገኘ ዘረመል ነው። ቀድሞ በሟቹ ድርጅት ይሠራ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። በ2018 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2019 አራት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

እስቲ ቍጠሩ። የነገርኳችሁ የሦስት ሰው ሞት ነው፤ ፍርዱ ግን አራት ነው።

አራተኛዋ የቤት ሠራተኛቸው ናት። ተራኪዎቹ እንዴት እንደሚዘሏት እንድታዩ ሆን ብዬ ነው የዘለልኳት። ቬራ ይሏት ነበር። ከኤልሳልቫዶር የመጣች የ57 ዓመት ስደተኛ ናት። ሲመሽ ወደ ቤቷ ሳትመለስ ብትቀርበት ባሏ በማግስቱ ጠዋት እዚያ ቤት ድረስ ሄዶ በሩን አንኳኳ፤ የከፈተለት የለም። ኋላ አሠሪዋ ደውሎ ለምን እንዳልመጣች ሰበብ ነገረው። በገዳይ እጅ ያለ ሰው የሚናገረውን ነው የተናገረው። በዚያ ሰዓት ከበሩ በስተ ውስጥ ምን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ነገር በወጣው ዘገባ ርእሱ «የባለጸጎቹ ቤት ግድያ» ነው፤ እርሷ በመሐል «የቤት ሠራተኛዋም» ተብላ ታልፋለች። «ም» የምትባለውን አንዲት ፊደል አስተውሏት። እናንተ የምትሰሙት ታሪክ ውስጥ የእናንተ ቦታ ይህች «ም» ናት። ቆማችሁ ልብስ እየተኮሳችሁ የምትሰሙት፣ እናንተ ብትሞቱ እንዴት እንደምትዘለሉ ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ደስታው እንመለስ። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ይጨምራሉ። የአድማጭንም ልብ እንዲሁ መፍታት ይቻላል።

አንድም፣ የተዘጋው በር ስለሚከፈትልን ነው። የባለጸጋ ቤት አጥሩ ረጅም ነው፤ ሞት ሲገባበት ግን ፖሊስ ይገባል፣ ካሜራ ይገባል፣ ከኋላቸው እኛም እንገባለን። መኝታ ቤቱ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ ባልና ሚስት የተላላኩት መልእክት ሁሉ ይዘረገፋል። ይህ ለሌላው ሰው አዲስ ነገር ይሆናል። እናንተ ግን የሰው ቤት ገመናውን ቀድማችሁ ታውቃላችሁ፤ አልጋቸውን ታነጥፋላችሁ፣ ጠባቸውን በግድግዳ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ይህኛው ምክንያት በእናንተ ላይ ብዙ ኃይል ያለው አይመስለኝም።

አንድም፣ ለማጽናኛ ነው። «ሀብታምም ከሞት አላመለጠ፤ ገንዘቡ አላዳነውም።» ይህን ብዙዎቻችሁ በግልጽ አትሉትም እንጂ በውስጣችሁ አለ፤ ወር ሙሉ ደመወዝ ያልተከፈላት እኅት ይህን ብታስብ አልፈርድባትም። አንዳንዶች ደግሞ የነዌንና የአልዓዛርን ታሪክ ያመጡልኛል፤ «ጌታም ሀብታሙ ሲቃጠል አሳይቶ የለ?» ይላሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን ታሪክ ረጋ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡት። አልዓዛር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም። በደጅ ተጥሎ ሳለ አልተራገመም፤ በአብርሃም እቅፍ ሆኖ «ይበለው» አላለም። አብርሃምም ቢሆን በእሳት ውስጥ ያለውን ያን ሰው «ልጅ» ብሎ ነው የጠራው። በዚያ ታሪክ ውስጥ በሌላው ሥቃይ የተደሰተ አንድም ሰው የለም። ቍስሉ በውሻ የተላሰ ድሀ ያላደረገውን እኛ በጆሮ ማዳመጫ ብናደርገው ከእርሱ ወገን ነን ማለት አንችልም።

አንድም፣ ፍርድ ስለሚርበን ነው። ይህኛውን አክብሬ ነው የማነሣው። ስደተኛ ፍርድ ይርበዋል። ኃይለኛ ሲያጠፋ ዝም ሲባል ያየ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ኃይለኛው ዳኛ ፊት ሲቆም ማየት ይፈልጋል። ይህ ረኃብ በራሱ ከእግዚአብሔር ነው፤ ነቢያትም ተርበውታል።

በዚህ በዓረቡ ዓለም የተነጋገርንበትን ነገር አንሡ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ሱዛን ተሚም የተባለች ሊባኖሳዊት ዘፋኝ ዱባይ ውስጥ በመኖሪያዋ ተገደለች። የገደላት ቀድሞ የግብጽ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው። ያስገደላት ግን ሂሻም ጠላዓት ሙስጠፋ ይባላል፤ በግብጽ ስመ ጥር የሕንፃና የመሬት ባለሀብት፣ የአገሪቱ የሹራ ምክር ቤት አባልም ነበር። 2 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ክሱ ይናገራል። በ2009 ሁለቱም ሞት ተፈረደባቸው፤ ሕዝቡ አላመነም፣ «እንዲህ ያለ ሰውም ይፈረድበታል?» አለ። ጉዳዩ እንደገና ታየና በ2010 ባለሀብቱ 15 ዓመት፣ ገዳዩ ዕድሜ ልክ ሆነ። በ2017 ባለሀብቱ በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ወጣ። በችሎቱ መካከል ፍርድ ቤቱ ስለ ጉዳዩ እንዳይዘገብ እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ ሰው ግን የሚያወራው ይበልጥ ሆነ። የሰዉ ጉጉት ሁሉ ክፉ ነበር አልልም። እጁ ቢላዋ ያልነካ ሰው ገዳይ መሆኑ በዳኛ አፍ ሲነገር መስማት የፈለገ ብዙ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ዓይነቱን ገዳይ አጥብቆ ያውቀዋል። ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን ያስገደለው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውንም ያሸከመው ለራሱ ለኦርዮ ነው። ኤልዛቤል ናቡቴን ያስገደለችው በአክዓብ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ ነው። ሁለቱም ቤተ መንግሥት ውስጥ የሆነ፣ ዛሬ ቢሆን ተራኪዎች የሚሻሙበት ወንጀል ነው። ሚስት አለ፣ መሬት አለ፣ ማኅተም አለ፣ በሐሰት የሚመሰክሩ የተገዙ ሰዎች አሉ።

አሁን አተራረኩን እዩ። የናቡቴ መወገር በመጽሐፈ ነገሥት ላይ በጥቂት ቃል ያልቃል። ድንጋዩ የት እንዳረፈበት፣ ምን ብሎ እንደጮኸ፣ ደሙ ምን እንደሚመስል አይነግረንም። ረጅም ጊዜ የሚወስደው ሌላው ነው፤ ንጉሡ አኵርፎ ፊቱን አዙሮ መተኛቱ፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ደብዳቤው ለማን እንደተላከ። በከተማው የነበሩት ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ አንብበው ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ እንደታዘዙት አደረጉ። ከእነርሱ አንዱ እንኳ «እንዴት ይሆናል?» አላለም። ከዚያ ኤልያስ መጥቶ በወይኑ ቦታ ላይ ቆመ። መጽሐፉ የሚያሳየን ማን እንደፈረመ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን መጥቶ እንደጠየቀ ነው። ስለ ባለጸጎች ወንጀል የሚነገር ታሪክ እንዲህ ቢነገር እኔም እሰማዋለሁ፣ እናንተም ስሙት። የምትሰሙት ነገር ግን ስለ ቍስሉ 20 ደቂቃ፣ ስለ ዝምተኞቹ ምንም የማይናገር ከሆነ፣ እየሸጠላችሁ ያለው ደሙን ነው።

ጌታችንም በሥጋው ወራት እንዲህ ያለ ወሬ መጥቶለታል። በሉቃስ ምዕራፍ 13 ነው። ሰዎች ቀርበው ጲላጦስ የገሊላ ሰዎችን እንደገደለ፣ ደማቸውም ከመሥዋዕታቸው ጋር እንደተቀላቀለ ነገሩት። የዕለቱ ትኵስ ወሬ ነው፤ ገዥ አለበት፣ ቤተ መቅደስ አለበት፣ ደም አለበት። እርሱ ግን «ከዚያስ ምን ሆነ?» አላላቸውም። ሟቾቹ ከሌላው የከፉ ኃጢአተኞች ይመስሏችሁ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ አይደለም አለና ወደ ነጋሪዎቹ ወደ ራሳቸው አዞረው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎችም ራሱ ጨምሮ አነሣላቸው። ሊያወሩ የመጡት ስለራሳቸው ተጠይቀው ተመለሱ። ጌታ ወሬውን አልከለከለም። የወሬውን አቅጣጫ ግን ለወጠው።

ይህ የአቅጣጫ ነገር በኦሪት ሥርዓት ሆኖ ተጽፏል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21ን ክፈቱ። በሜዳ የወደቀ ሬሳ ይገኛል፤ ገዳዩ አይታወቅም። ምን ይደረግ? ሽማግሌዎችና ዳኞች ይወጡና ከሬሳው ጀምሮ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ይለካሉ። እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት፤ ሽበታም ሰዎች በፀሐይ ገመድ ይዘው ከሬሳው እስከ ከተማው በር። ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ፣ አልገደልኩም ብላ ዝም አትልም። ሽማግሌዎችዋ ቀንበር ያልተጫነባት ጊደር ይዘው ወደ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ እጃቸውን ታጥበው እጃችን አላፈሰሰም፣ ዓይናችንም አላየም ብለው በእግዚአብሔር ፊት ይናገራሉ፣ ይቅርታም ይለምናሉ። ያልገደለ ሰው ስለምን ይቅርታ ይለምናል? ቅርብ ስለሆነ ነዋ።

የእኛም አባቶች ይህን የሚመስል ነገር ነበራቸው፤ አውጫጭኝ ይሉታል፣ አፈርሳታም ይባላል። በአገር ላይ ደም ሲፈስ፣ ከብት ሲሰረቅ ወንጀለኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። መቅረት ያስቀጣል። እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ይራባል፣ በደለኛው እስኪወጣ ይቀመጣል፤ ካልተገኘም አገሩ በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ጕድለት አልነበረውም አልልም፤ በቂም የተጠቆመ ሰው መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ ደሙ ሲሰማ የራሱ ነገር ተይዞበት ነው። ቢያውቅና ዝም ቢል መሐላው ይበላዋል። ቢዋሽ የሰው ነፍስ አለበት።

እኛ ዛሬ በስልካችን ያለው ሸንጎ ላይ ተቀምጠናል፤ ምንም ግን አልተያዘብንም። ማን እንደገደለ እንገምታለን፣ «ሚስቱ ናት፣ ፊቷን እዩት» ብለን እንጽፋለን፣ ተሳስተን ብንገኝ ወደ ሚቀጥለው ክፍል እናልፋለን። ያቺን ሚስት በሐሰት ገዳይ ማለታችን ግን የትም አልሄደም። ምስክር ሳይሆኑ ፈራጅ መሆን ይህ ነው። እኅቴ ያስፈራትን ደስታ አገኘሁት ብዬ የማስበው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ የሚሰማ ደም ዕዳ የለውም። ሩቅ ከመሆኑም በላይ የባለጸጋ ደም ነው፤ አይዛመደንም ብለን እናስባለን። ገመዱን ይዘን ብንለካ ወደ እኛ በር አይደርስም። ስለዚህ ያለ ሥጋት ይጣፍጣል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ከተማ ልመልሳችሁ፤ እኛም አንድ ጊዜ የታሪኩ መነጋገሪያ ሆነናልና።

እ.ኤ.አ. በ2013 ክረምት ላይ በዚህ አገር የኢትዮጵያ ቤት ሠራተኞች በሚሠሩበት ቤት ሕፃናትን ገደሉ የሚል ዜና በተከታታይ ወጣ። በቅድሚያ ይህን ልበል፤ የሕፃን ደም የሕፃን ደም ነው። እነዚያ እናቶች የወለዱትን ቀብረዋል። የገደለችው የአገሬ ልጅ ናት ብዬ የሕፃኑን ደም ላሳንሰው አልችልም፤ ብሞክር ካህን አይደለሁም። ይህን ከያዛችሁልኝ በኋላ ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። በዜናው ርእስ ላይ የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን «ኢትዮጵያዊት» የሚለው ቃል ተጻፈ። ታሪኩ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሳሎን ወደ ሳሎን ሄደ። በጁላይ የሳዑዲ መንግሥት ከኢትዮጵያ የቤት ሠራተኛ ማስመጣትን አገደ። በዚያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አምስት ዓመት ያሳደገችው ልጅ ከእጇ የተነጠቀባት፣ ወጥ ቤት ያለው ቢላዋ የተቈለፈባት፣ ማታ መኝታ ክፍሏ ከውጭ የሚዘጋባት ነበረች። ምንም አላጠፋችም። አንድ ሰው በስልኩ ታሪክ ሰምቷል፤ ያ ነው ጥፋቷ።

በኅዳር ወር የሆነውን ታውቁታላችሁ። የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ በሌላቸው ላይ ሕጉ ሲጠብቅ፣ ኖቬምበር 9 ማታ ማንፉሃ ላይ ግጭት ተነሣ፣ የሞቱም አሉ። ከዚያ በቀጠሉት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር ተመለሱ፤ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው። ሕጉ የወጣው በግድያው ዜና ምክንያት አይደለም፤ ስለ ኢቃማ ነው፣ የተመለከተውም የብዙ አገር ሰዎችን ነው። ሁለቱን አላምታታም። ነገር ግን ሰው በጎረቤቱ ላይ እጁን ሲያነሣ ባዶ ልብ ይዞ አይነሣም። በልቡ የተከማቸ ነገር አለ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በልብ የተከማቸው ምን እንደነበር የዚያን ጊዜ ስልክ ይመስክር።

ስለዚህ ሌላው ሕዝብ ስለ እኛ የሰማበትን ጆሮ እኛ ለሌላው አንክፈተው። ዛሬ በምትሰሙት ታሪክ ላይ «ፊሊፒናዊቷ»፣ «ባንግላዴሻዊው ሹፌር»፣ «ሱዳናዊው» የሚል ስትሰሙ፣ በዚያ ቃል ውስጥ ሚሊዮን ሰው እንዳለ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ተራኪው ገዳዩን በስሙና በሥራው ሳይሆን በአገሩ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ዝጉት። ይህን ምክር ሳይሆን ቀኖና አድርጋችሁ ያዙልኝ።

አሁን ገመዱን አውጥተን እንለካ። ከእኛ በር በቅርብ ያለው ደም የቱ ነው?

የዋሽንግተኑ አይደለም። የዱባዩም አይደለም። በዚህ ከተማ «ከፎቅ ወደቀች» ተብሎ በአንድ መስመር የሚነገር ሞት አለ። ከሦስተኛ ፎቅ ለምን ወደቀች? በመስኮት ልትወጣ ያስገደዳት ምንድን ነው? በሩ ማን ጋ ተቈለፈ? ይህን በክፍል በክፍል የሚተርክ የለም፤ መዋኛ ገንዳ የለበትማ። ሬሳዋ አገር እስኪገባ ወራት ይቈጠራል፣ እናቷ በስልክ «ዛሬስ ይመጣል?» እያለች ትጠብቃለች። ደግሞ ሰው ገድላ ታስራ ያለች እኅት አለች። በዚህ አገር ሕግ የሟች ቤተሰብ ይቅር የማለት፣ የደም ካሳ የመቀበል መብት አለው፤ ዲያ ይባላል። ለእንዲህ ያለች እኅት ገንዘብ ይሰብሰብ ሲባል ከእኛ መካከል «ምን አድርጋ ነው? ቪዲዮው አለ?» የሚል ይገኛል። ሊሰጥ አይደለም፤ ሊሰማ ነው። ታሪኩን ከሰማ በኋላ ኪሱን ዘግቶ ይሄዳል። ይህን ሰው የማወቀው በጉባኤያችን ውስጥ ነው፤ አንድ ሰውም አይደለም።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ። የግድያ ታሪክ መስማት በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አላስርባችሁም። ኃጢአት ቢሆን ቃየልን ማን ያነብ ነበር? ነገር ግን የሬሳ ምስል፣ የሚሞት ሰው የመጨረሻ ድምፅ ያለበትን አትክፈቱ፣ የከፈታችሁም አታስተላልፉ። ያ ሰው እናት አለችው፤ እናቱ ባትኖር እንኳ አምላክ አለው፣ ዕርቃኑን ለገበያ አላወጣውም። ፍርድ ያልተሰጠበትን ሰው «ገዳዩ» ብላችሁ አትጥሩ። የምትሠሩበትንም ቤት ጠብ፣ የማዳምን ዕንባ፣ የሰውየውን ስካር በቲክቶክ ላይቭ አታውጡ፤ ክፉ ሆነውባችሁ ከሆነ ለሚረዳችሁ ሰው ንገሩ እንጂ ለአምስት ሺህ ተመልካች አትንገሩ። አንዷ «አባ፣ እነሱስ እኛን አላወጡም?» ብላኛለች። አውጥተዋል።

ደስ ካላችሁ ደግሞ ደስታውን አትደብቁት፤ ለንስሓ አባታችሁ ንገሩ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚወጣው በአሠሪ ላይ የተቋጠረ ምሬት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የተዘጋ ስልክ፣ የተመታ ፊት። ምሬቱ እውነተኛ በደል ካለበት መፍትሔው የሌላ ባለጸጋ ሞት አይደለም፤ መብታችሁን በሕግ መጠየቅ ነው፤ ጠያቂ ካጣችሁ የማኅበራችን ሰዎች አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ሕይወታችሁ አደጋ ላይ ከሆነ በሪያድ የአደጋ ጊዜ ቍጥር 911 ነው፤ ከአሁኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ለአዲስ መጪ እኅትም ንገሯት።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግራችሁ። ከዚህ ቻናል አባላት መካከል ድምፃቸው የጠፋ እኅቶች አሉ። መልእክት ይላክላቸዋል፣ አያነቡትም። ምናልባት ስልካቸው ተቀምቶ ይሆናል፣ ምናልባት ወደ ሌላ ከተማ ተወስደው ይሆናል። የታሪኩን ቀጣይ ክፍል ለመስማት በምትጠብቁበት በዚያች ግማሽ ሰዓት እያንዳንዳችሁ አንዲት ለብዙ ቀን ያልሰማችኋትን ሰው ደውሉላት። ካላነሣች ቤቱን የምታውቅ ጓደኛዋን ጠይቁ፤ ጓደኛዋም ካላወቀች ለእኔ ጻፉልኝ። የቬራ ባል በሩን አንኳኵቶ ነበር።

የፊታችን እሑድ በጸሎታችን በስደት የሞቱትን እናስባለን። የምታውቋቸውን ሟቾች የክርስትና ስም እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ፤ የክርስትና ስሟን የማታውቁት ካለች የምትጠራበትን ስም ላኩ፣ እግዚአብሔር ያውቃታል። አሟሟቷን መጻፍ አያስፈልግም፤ ስሟ ብቻ ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።